«ሙለር»፦ ከወፍጮ ቤት እስከ መዝገብ ቤት — የአንድ የጀርመን የቤተሰብ ስም አመጣጥ፣ ትርጉምና ስርጭት

(ለሕዝብ ክፍት በሆነ የፋኩልቲው የንግግር መድረክ የቀረበ፤ ለንባብ እንዲመች በንዑስ ርእሶች ተከፍሏል።)



የእግር ኳስ ታሪክ የምትከታተሉ ሁለት ሙለሮችን ታውቃላችሁ። ጌርድ ሙለር በ1970 የዓለም ዋንጫ ዐሥር ግቦችን አስቆጥሮ የውድድሩ ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆነ። ቶማስ ሙለር ደግሞ ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2010፣ የወርቅ ጫማውን ወሰደ። ሁለቱም ጀርመናውያን ናቸው፤ ሁለቱም ለባየርን ሙኒክ ተጫውተዋል፤ ሁለቱም በግብ አግቢነት ስም አትርፈዋል። ስለዚህም አባትና ልጅ፣ ወይም አጎትና የወንድም ልጅ የሚመስሉት ሰው ጥቂት አይደለም። የሥጋ ዝምድና ግን የላቸውም። የሚያገናኛቸው በጀርመን አገር ከማናቸውም የቤተሰብ ስም ይልቅ ብዙ ሰው የሚጠራበት አንድ ቃል ብቻ ነው።

ዛሬ ስለዚህ ቃል እናገራለሁ። ትርጉሙ ባለወፍጮ ማለት ነው። ይህን ለመናገር አንድ ደቂቃ ይበቃል። የቀረው ጊዜ የሚያስፈልገን ትርጉሙ ለማይመልሳቸው ጥያቄዎች ነው። ከሁሉም ሙያ ይልቅ የባለወፍጮው ስም ለምን በዛ? ስሙ ከሰውየው ወደ ልጁ እንዴት ተሻገረ? ዛሬ ስሙን የያዙት ሰዎች ከጥንቱ ባለወፍጮ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የቤተሰብ ስም የዘር ማስረጃ ይመስለናል። «ሙለር»ን ቀረብ ብለን ስንመረምረው ግን የምናገኘው በአመዛኙ የመዝገብን ታሪክ ነው፤ ማን ጻፈው፣ ለምን ጉዳይ ጻፈው፣ መቼስ እንዳይለወጥ አደረገው የሚለውን። ይህን መገንዘብ በሰነድ ላይ ተመሥርቶ ጥናት ለሚሠራ ሁሉ ይጠቅማል። የቤተሰብ ስም በሌለው ሥርዓት ተወልደን የቤተሰብ ስም በሚጠይቅ ዓለም ውስጥ ለምንኖር ለእኛም ከትምህርት ያለፈ ጉዳይ አለው። ዓመተ ምሕረት ብዬ ካልጠቀስሁ በቀር የምጠራቸው ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉልኝ።

ቃሉ

የጥንት ጀርመናውያን እህል በእጅ የሚፈጩበት ድንጋይ ነበራቸው፤ «ክዊርን» የሚል የራሱ ስምም ነበረው። በውሃ ኃይል የሚዞረውን ትልቅ ወፍጮ የተቀበሉት ግን ከሮማውያን ነው። መሣሪያውን ሲቀበሉ ስሙንም አብረው ተቀበሉ። ወፍጮ በኋለኛው ዘመን ላቲን «ሞሊና» ይባላል፤ ሥሩም «ሞሌሬ»፣ «መፍጨት» የሚለው ግሥ ነው። በእኛ አገር የሆነው የዚህ ተቃራኒ ነው። በሞተር የሚሠራው መሣሪያ ከውጭ ሲመጣ «ወፍጮ» የሚለውን የቆየ ስማችንን ወረሰ። አንድ ሕዝብ አዲስ ነገር ሲያገኝ ወይ ስሙን ይዋሳል፣ ወይ ያለውን ስም ያለብሰዋል፤ ሁለቱም መንገድ ታሪክ ይናገራል።

ወፍጮውን የሚያሠራው ሰው በጥንታዊው ከፍተኛ ጀርመንኛ «ሙሊናሪ» ተባለ። በመካከለኛው ዘመን ጀርመንኛ ቃሉ አጥሮ ወደ «ሙልነር» ተጠጋ። እዚህ ላይ ሁለት የድምፅ ለውጦች ተደርገዋል። አንደኛው፣ በሁለተኛው ክፍለ ቃል የነበረው «ኢ» ከፊቱ ያለውን «ኡ» ወደ ራሱ ሳበው። ከዚህ የተወለደው አናባቢ በአማርኛ የለም፤ ከንፈርን «ኡ» ለማለት አሹሎ በዚያው አፍ «ኢ» እንደ ማለት ነው። ጀርመኖች ይህን ድምፅ ዛሬ የሚጽፉት በፊደሉ ላይ ሁለት ነጥብ በማኖር ነው። እኛ «ሙ» ብለን የምንጽፈው የሚቀርበው እሱ ስለሆነ ብቻ ነው። ሁለተኛው ለውጥ «ል»ና «ን» ሲገናኙ «ል» «ን»ን መዋጡ ነው። «ሙልነር» በዚህ መንገድ «ሙለር» ሆነ፤ አንድ ላም ተነባቢ ጠበቀች።

ለውጡ ግን በሁሉም ቦታ እኩል አልሄደም። በባቫሪያና በኦስትሪያ አካባቢ «ን»ን ያልጣለው «ሙልነር» እስከ ዛሬ የቤተሰብ ስም ሆኖ ይኖራል። በባቫሪያና በሽዋብያ ቀበልኛ ከንፈር ስለማይሾል ስሙ «ሚለር» ተባለ። በሰሜኑ ዝቅተኛ ጀርመንኛ ደግሞ «ሞለር» ሆነ። በኔዘርላንድስ «ሙልደር»ና «ሞለናር» እናገኛለን። እንግዲህ አንድ የሙያ ስም ወደ ቤተሰብ ስም ሲሸጋገር የተናጋሪውን አገር ቀበልኛ ይዞ ይደርቃል። የሕያው ንግግር ቃል ይለወጣል፤ በስምነት የተመዘገበው ቃል ባለበት ይቆማል። የቋንቋ ታሪክ አጥኚዎች የቤተሰብ ስሞችን የሚወዷቸው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሙ ከሰው ላይ እንዴት ተጣበቀ

እስከ 12ኛው መቶ ዓመት ድረስ አብዛኛው የጀርመን ሕዝብ የሚጠራው በአንድ ስም ብቻ ነበር። በኋላ ይህ አልበቃ አለ። ከተሞች አደጉ፤ ንግድ በውል፣ ግብር በዝርዝር ይፈጸም ጀመር። በዚያው ላይ ለልጆች የሚወጡት ስሞች ጥቂት ነበሩ። ዮሐንስ ወይም በአጭሩ ሃንስ፣ ሄይንሪሕ፣ ኮንራድ የሚባሉ ወንዶች በአንድ መንደር ውስጥ በዙ። ግብር የሚመዘግበው ጸሐፊ አምስት ሃንሶችን ለመለየት ከየስማቸው አጠገብ አንዳች ምልክት መጨመር ነበረበት።

ያ ምልክት ከአምስት ምንጮች በአንዱ ይቀዳ ነበር። አንዱ የአባት ስም ነው፤ «ፔተርስ»ና «ሃንሰን» የዚህ ዓይነት ናቸው። ሁለተኛው ሰውየው የመጣበት አገር ነው፤ «ባየር» የባቫሪያ ሰው ማለት ነው። ሦስተኛው የሚኖርበት ስፍራ ነው፤ «ባኽ» ወንዝ ዳር ለሚኖር ሰው የወጣ ነው። አራተኛው መልኩ ወይም ጠባዩ ነው፤ «ክላይን» ትንሽ፣ «ሽቫርትስ» ጥቁር ማለት ነው። አምስተኛው ሙያው ነው፤ የዛሬው ስማችን የሚመደበውም በዚህ ውስጥ ነው። «ሃንስ፣ ባለወፍጮው» የሚለው ማስታወሻ ውሎ አድሮ «ሃንስ ሙለር» ሆነ።

ይህ ገና የቤተሰብ ስም አይደለም፤ መለያ ነው። የቤተሰብ ስም የሚሆነው ልጁ ሌላ ሥራ ይዞ እያለም «ሙለር» ተብሎ ሲጻፍ ነው። ሽግግሩ በደቡብና በምዕራብ ከተሞች ቀድሞ፣ በሰሜን፣ በምሥራቅና በገጠር ዘግይቶ፣ በጥቂት መቶ ዓመታት ውስጥ ተፈጸመ። ያጸናውም መዝገብ ነው። የትሬንት ጉባኤ በ1563 የካቶሊክ አጥቢያዎች የጋብቻ መዝገብ እንዲይዙ ወሰነ። ባቫሪያ በ1677 ሰው ስሙን ያለፈቃድ እንዳይለውጥ ከለከለች። በመጨረሻም በ1875 የወጣው የጀርመን ንጉሠ ነገሥታዊ መንግሥት ሕግ ከጥር 1 ቀን 1876 ጀምሮ ልደት፣ ጋብቻና ሞት በመንግሥት መዝገብ ቤት እንዲመዘገብ አደረገ። ከዚያ በኋላ የስም አጻጻፍ እንኳ የጸሐፊው ምርጫ መሆኑ ቀረ።

ለምን በዛ

በጀርመን አገር በብዛት የመጀመሪያዎቹን ዐሥር ደረጃዎች የያዙትን ስሞች ተመልከቱ። ሙለር ባለወፍጮ ነው። ሽሚት ቀጥቃጭ፣ ሽናይደር ልብስ ሰፊ፣ ፊሸር ዓሣ አጥማጅ፣ ማየር የጌታ እርሻ አስተዳዳሪ፣ ቬበር ሸማኔ፣ ሹልትስ በእኛ አገር ጭቃ ሹም እንደምንለው ያለ የመንደር ሹም፣ ቫግነር ሠረገላ ሠሪ፣ ቤከር ዳቦ ጋጋሪ፣ ሆፍማን የጌታ ግቢ ወይም የእርሻ ቤት ሰው ነው። ዐሥሩም የሙያ ወይም የሹመት ስሞች ናቸው።

አሁን ከዝርዝሩ የጎደለውን ፈልጉ። «ባወር»፣ ማለትም ገበሬ፣ ከዐሥሩ ውስጥ የለም። በመካከለኛው ዘመን ግን ከሕዝቡ የሚበዛው ገበሬ ነበር። የሙያ ስም ብዛት የሙያውን ብዛት የሚያሳይ ቢሆን ኖሮ አንደኛ መሆን የነበረበት ገበሬው ነው። ታዲያ ለምን አልሆነም?

መልሱ ስም የሚወጣው ለመለየት መሆኑ ነው። ሁሉም በሚያርስበት መንደር «ሃንስ ገበሬው» ማለት ማንንም አይለይም። ወፍጮው ግን በመንደሩ ውስጥ አንድ፣ ቢበዛ ሁለት ነው። «ሃንስ ባለወፍጮው» ሲባል ማንም አይሳሳትም። ስለዚህ «ሙለር» የበዛው ባለወፍጮዎች በአንድ ቦታ ስለበዙ አይደለም፤ በየመንደሩ አንድ አንድ ስለነበሩ ነው። በመንደሩ ብርቅ፣ በአገሩ ግን በሁሉም ቦታ የሚገኝ ሙያ፣ የቤተሰብ ስም ለመሆን ከሁሉ የተመቸ ነው። ቀጥቃጩም እንዲሁ ነው። «ባወር» የሚለው ስም በአመዛኙ የሚጸናው ገበሬነት ራሱ መለያ በሚሆንበት ስፍራ፣ ለምሳሌ ከገጠር ወደ ከተማ በገባ ሰው ላይ ነው። እርግጥ ገበሬው በሌሎች ስሞች ውስጥም ተሰውሯል። «ኖይባወር» አዲስ ገበሬ፣ «ሁበር» የአንድ ሙሉ ይዞታ ገበሬ ማለት ነው። የገበሬው ስም በብዙ ቃላት ሲከፋፈል የባለወፍጮው ስም ግን በአንድ ቃል ተሰበሰበ።

ይህ ለተማሪዎቻችን የማስተላልፈው የመጀመሪያው የስልት ትምህርት ነው። ሰነድ የሚመዘግበው የተለመደውን ሳይሆን መለየት ያለበትን ነው። በመዝገብ ውስጥ የበዛ ነገር በኑሮ ውስጥ በዝቶ ነበር ማለት አይደለም።

ቁጥሩና አጻጻፉ

ስርጭቱን በተመለከተ ዋናው ምንጭ በፍራይቡርግና በማይንትስ ዩኒቨርሲቲዎች ተመራማሪዎች የተዘጋጀውና ከ2009 ጀምሮ በተከታታይ ጥራዞች የታተመው የጀርመን የቤተሰብ ስሞች አትላስ ነው። አትላሱ የተመሠረተው በ2005 በነበሩት የቋሚ ስልክ መስመሮች ላይ ነው። በዚያ መረጃ «ሙለር» ከ250,000 በላይ መስመሮችን ይዞ አንደኛ ነው፤ «ሽሚት» 190,000 ያህል ይዞ ይከተለዋል። አንድ የስልክ መስመር ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው አንድ ቤተሰብ ስለሆነ የሰዎቹ ቁጥር ከዚህ እጅግ ይበልጣል፤ በግምት ከመቶ ጀርመናዊ አንዱ ሙለር ነው። በስዊዘርላንድም ስሙ አንደኛ ነው። በኦስትሪያ ግን አንደኛው «ግሩበር»፣ የጎድጓዳ ስፍራ ሰው ማለት ነው።

ነገር ግን አንደኝነቱን በጥንቃቄ እንየው። የቀጥቃጩ ስም በጀርመንኛ በአራት ዋና ዋና መንገዶች ይጻፋል። ሦስቱ በድምፅ የማይለያዩ ስለሆኑ በእኛ ፊደል ሁሉም «ሽሚት» ይሆናሉ፤ አራተኛው በራይን ወንዝ አካባቢ የሚዘወተረው «ሽሚትስ» ነው። አራቱ ቢደመሩ «ሙለር»ን ይበልጡታል። «ማየር»ም እንዲሁ በአራት ዓይነት ፊደል ይጻፋል፤ በጆሮ ግን አንድ ነው። «ሙለር» በአንድ አጻጻፍ ጸንቶ በመቆየቱ አንደኛ ወጣ፤ ቀጥቃጩ በጸሐፊዎች ልማድ ተከፋፍሎ ሁለተኛ ሆነ። ቆጠራችን በጆሮ ቢሆን ኖሮ ደረጃው ሌላ ነበር። አንደኛ ማነው የሚለው ጥያቄ አንድ ስም ምንድን ነው ከሚለው ጥያቄ አይለይም።

ባለወፍጮው ሲፈለግና ሲታማ

ስሙን የተሸከመው ሰው በመንደሩ ዘንድ ምን ነበር? በ13ኛው መቶ ዓመት በአይከ ፎን ሬፕጎ የተጻፈው «ሣክሰንሽፒገል» የተባለው የሳክሶኖች የሕግ መጽሐፍ ወፍጮን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ስፍራዎች ይቆጥራል። ለማስፈጨት የመጣ ሰው ተራውን በአመጣጡ ቅደም ተከተል እንዲያገኝም ያዝዛል፤ ይህ ደንብ ዛሬ በጀርመንኛ ምሳሌያዊ አነጋገር ሆኖ ወፍጮ አይቶ በማያውቅ ሰው አፍ ይነገራል። ወፍጮ የእንጀራ ደጃፍ ስለሆነ ጥበቃው የሚገባ ነበር።

ይሁን እንጂ ወፍጮው ብዙውን ጊዜ የባለርስቱ ነበር። በብዙ ግዛት ገበሬው እህሉን ወደ ወደደው ወፍጮ መውሰድ አይችልም፤ በጌታው ወፍጮ የማስፈጨት ግዴታ ነበረበት። ባለወፍጮውም ዋጋውን የሚወስደው ከሚፈጨው እህል ላይ ቀንሶ ነው። አማራጭ የሌለው ገበሬ ከወፍጮው የሚወጣው ዱቄት በገባው እህል ልክ መሆኑን በምን ያረጋግጥ? ሐሜቱ የመጣው ከዚህ ነው። ወፍጮው ውሃውን ተከትሎ ከመንደሩ ራቅ ብሎ የሚሠራ መሆኑም ጥርጣሬውን አባሰው። በአንዳንድ አካባቢዎች ባለወፍጮዎች «ክብር የሌላቸው» ከሚባሉት ሙያተኞች ተቆጠሩ፤ ልጆቻቸውን የሌሎች ሙያ ማኅበራት አልቀበልም አሉ። በ1548 የወጣው የንጉሠ ነገሥቱ ግዛት የፖሊስ ደንብ ባለወፍጮዎችን ከተልባ እግር ጨርቅ ሸማኔዎች፣ ከፀጉር ቆራጮች፣ ከእረኞችና ከሌሎች ጋር በስም ጠቅሶ ማኅበራቱ እንዲቀበሏቸው አዘዘ። ያው ትእዛዝ በ1577 መደገሙ የመጀመሪያው እንዳልሠራ ይመሰክራል። በፕሩሲያ በጌታ ወፍጮ የማስፈጨት ግዴታ የተሰረዘው በ1810 ነው።

ብረት ቀጥቃጩንና ሸማኔውን እየፈለገ ሲንቅ ለኖረ የእኛ ማኅበረሰብ ይህ ታሪክ እንግዳ አይሆንም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ በጀርመን አገር የታማው ሙያ ስም ቤተሰቡን ለዘለዓለም ቢከተልም፣ ሐሜቱ ግን ከስሙ ላይ ረገፈ። ዛሬ «ሙለር» የሚባለውን ሰው ዱቄት ይሰርቃል ብሎ የሚጠረጥረው የለም። ስሙ ትርጉሙን ሲያጣ ነቀፋውንም አጣ።

ስምና ሙያ ሲለያዩ

ትርጉምና ስም ምን ያህል እንደተለያዩ ለማየት ገጣሚውን ቪልሄልም ሙለርን እንውሰድ። እኚህ ሰው በ1794 በዴሳው ተወለዱ። «ውቢቱ የባለወፍጮ ልጅ» የተሰኘው የግጥም ስብስባቸው በፍራንስ ሹበርት ዜማ ዝነኛ ሆኗል። ስማቸው ባለወፍጮ፣ የግጥማቸው ርእሰ ነገር ወፍጮ ቤት ነው። አባታቸው ግን ልብስ ሰፊ ነበሩ።

ልጃቸው ፍሪድሪሕ ማክስ ሙለር በኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተማሩ፣ የሕንድን የቬዳ መጻሕፍት ያሳተሙ ታላቅ የቋንቋ ሊቅ ናቸው። «ሙለር» ብቻውን ማንንም እስከማይለይ ድረስ መብዛቱን አይተው «ማክስ ሙለር» የሚለውን ጥምር እንደ ቤተሰብ ስም ያዙ። ለመለየት የወጣ ስም ከበዛ በኋላ ራሱ ሌላ መለያ ፈለገ ማለት ነው። ከእርሳቸው ከአራት መቶ ዓመታት ገደማ በፊት፣ በ1436፣ የተወለዱት የሥነ ፈለክ ሊቅ ዮሐንስ ሙለርም ዛሬ የሚታወቁት በዚህ ስም አይደለም፤ «ኮኒግስበርግ» የተባለችው የትውልድ ከተማቸው ስም በላቲን ተተርጉሞ «ሬጊዮሞንታኑስ» ተብለው ይጠራሉ። ሌሎች የዘመኑ ምሁራን ደግሞ ሙለርነታቸውን በላቲን «ሞሊቶር» እያሉ ጽፈዋል፤ ይህም ራሱን የቻለ የቤተሰብ ስም ሆኗል።

ዝምድናን በተመለከተም ተመሳሳይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በየመንደሩ ለየብቻው የወጣ ስም ስለሆነ «ሙለር» የሚባሉ ሁሉ የሚገናኙበት አንድ አባት የለም። በአንድ ሐረግ ውስጥ እንኳ ስሙ ሁልጊዜ በደም አልተላለፈም። በቬስትፋሊያ ልማድ የእርሻ ቤት የራሱ ስም ነበረው፤ በጋብቻ የገባው ወንድ የቤቱን ስም ይወርስ ነበር። የወፍጮ ቤት ስም ባለበት ስፍራ ከሌላ ዘር የመጣ አማች ሙለር ሊሆን ይችላል።

ስሙ ሲሰደድ

ጀርመንኛ ተናጋሪው ሕዝብ በተበተነበት ሁሉ ስሙ አብሮ ሄዷል። በ2009 የሥነ ጽሑፍ ኖቤል ሽልማትን ያገኙት ሄርታ ሙለር የተወለዱት በጀርመን ሳይሆን በሮማኒያ ባናት ግዛት፣ ከዚያ ከሰፈረ የጀርመን ማኅበረሰብ ነው። ወደ አሜሪካ የተሰደዱ ብዙ ሙለሮች ደግሞ ሁለቱ ነጥቦች ከፊደሉ ላይ ሲወድቁ፣ ወይም ራሳቸው ከአዲሱ አገር ጋር ለመመሳሰል ሲፈልጉ፣ «ሚለር» ሆኑ። በአሜሪካ የ2010 ቆጠራ ከ1.1 ሚሊዮን የሚበልጡ ሰዎች ሚለር ይባሉ ነበር፤ ስሙም ሰባተኛ ነበር። ከእነዚህ ውስጥ የእንግሊዝ ባለወፍጮ ዘርና የጀርመን ባለወፍጮ ዘር በስም ብቻ አይለዩም።

ሌላው መንገድ ትእዛዝ ነበር። የኦስትሪያው ንጉሠ ነገሥት ዮሴፍ ዳግማዊ በ1787 በግዛታቸው የሚኖሩ አይሁድ ሁሉ ቋሚ የጀርመን የቤተሰብ ስም እንዲይዙ አዘዙ። ፕሩሲያም በ1812 ለአይሁድ ዜግነት ስትሰጥ ቋሚ ስምን ቅድመ ሁኔታ አደረገች። በዚህ ታሪክ ውስጥ የእኛን አገር ጥናት የሚነካ አንድ ሙለር አለ። ዳቪድ ሃይንሪሕ ሙለር በ1846 በጋሊሺያ ከአይሁድ ወገን ተወልደው በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሴማዊ ቋንቋዎች ሊቅ ሆኑ። እንግሊዛዊው ተጓዥ ቴዎዶር ቤንት ከአክሱምና ከየሐ በወረቀት ቀርጾ ያመጣቸውን የድንጋይ ላይ ጽሑፎች አንብበው በ1894 ያሳተሙት እርሳቸው ናቸው።

መዝገብ የሚሰጠውን መዝገብ ሊነጥቅ ይችላል። የናዚ መንግሥት በነሐሴ 1938 ባወጣው ደንብ፣ በስማቸው አይሁድነታቸው የማይታወቅ ወንዶች «እስራኤል»፣ ሴቶች «ሣራ» የሚል ተጨማሪ ስም ከጥር 1 ቀን 1939 ጀምሮ እንዲይዙ አስገደደ። ለምን አስፈለገ? «ሙለር»፣ «ሽናይደር»፣ «ማየር» የሚሉት ስሞች አይሁዱንና ክርስቲያኑን አይለዩምና። የቤተሰብ ስም ዘርን ቢያሳይ ኖሮ ዘርን መለየት የፈለገው መንግሥት ሌላ ምልክት ባላስፈለገው ነበር። ስሙ ያልተናገረውን መዝገብ ቤቱ በግድ አናገረው፤ ውጤቱን ዓለም ያውቀዋል።

የአባት ስምና የቤተሰብ ስም

በሰሜን ምዕራብ ጀርመን የኦስትፍሪስላንድ ሕዝብ ለረጅም ዘመን ቋሚ የቤተሰብ ስም አልነበረውም። ልጅ በሁለተኛ ስምነት የሚይዘው የአባቱን ስም ነበር፤ የልጅ ልጅም እንዲሁ። እኛ ዛሬ የምንጠራበት ሥርዓት በጀርመን ምድርም ነበረ ማለት ነው። ናፖሊዮን በ1811 ቋሚ ስም እንዲያዝ አዘዘ፤ ልማዱ ግን በአንድ ትእዛዝ አልጠፋም። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ፣ ከግንቦት 1 ቀን 2025 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የጀርመን የስም ሕግ፣ የፍሪስላንድ ተወላጆች ለልጃቸው ከወላጅ የመጠሪያ ስም የወጣ ስም እንዲሰጡ እንደገና ፈቀደ። ይኸው ሕግ ባልና ሚስት ሁለቱም በጥምር ስም እንዲጠሩም በር ከፍቷል።

የእኛ የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 32 እያንዳንዱ ሰው የቤተሰብ ስም፣ የመጠሪያ ስምና የአባት ስም እንዳለው ይደነግጋል። የቤተሰብ ስሙ ግን በኑሯችን ሥር አልሰደደም፤ ዛሬም በራሳችን፣ በአባታችንና በአያታችን ስም እንጠራለን። አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ጀርመን አገር ሲገባ ችግሩ ይታያል። በቅጹ ላይ «የቤተሰብ ስም» በሚለው ሳጥን አባት የአባቱን፣ እናት የአባቷን፣ ልጅ የአባቱን ስም ሲሞሉ ሦስት የተለያዩ «ቤተሰቦች» ይሆናሉ። የአያት ስም ከተጻፈም የሚጠሩት ሟቹ አያት ናቸው። ስሙ በጀርመን ሕግ ሥር ለሚወድቅ ሰው የሕጉ አንቀጽ 47 ከስሞቹ አንዱን የቤተሰብ ስም አድርጎ በመግለጫ እንዲመርጥ ይፈቅድለታል። ያች መግለጫ ቀላል ወረቀት አይደለችም። ከዚያ ቀን በኋላ የአንድ ሰው መጠሪያ ስም ለልጅ ልጆቹ የማይለወጥ ምልክት ይሆናል። «ሃንስ፣ ባለወፍጮው» ወደ «ሙለር» የተሸጋገረበት ሂደት ብዙ ትውልድ ወስዶ ነበር፤ ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ላይ በአንድ ፊርማ ይፈጸማል።

ማጠቃለያ

ክቡራትና ክቡራን፤ በጀርመን አገር ዛሬ የቀሩት የዱቄት ወፍጮዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ናቸው፤ ሙለሮች ግን በመቶ ሺዎች። ስሙ ሙያውን አልፎ ኖሯል። ያኖረው ደም ሳይሆን ጽሑፍ ነው፤ የግብር ጸሐፊው፣ የአጥቢያው ካህንና የመዝገብ ቤቱ ሹም በየዘመናቸው ያኖሩት ጽሑፍ።

ከዚህ የምንወስደው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የስም ትርጉም የስሙ ታሪክ መጀመሪያ ነው እንጂ ፍጻሜው አይደለም። ሁለተኛ፣ ብዛትን ከመተርጎማችን በፊት ማን፣ ምንን ለመለየት፣ በምን አጻጻፍ እንደቆጠረ እንጠይቅ። ሦስተኛ፣ የቤተሰብ ስም ያለው ሕዝብ የሠለጠነ፣ የሌለው የዘገየ ነው የሚለውን ግምት እንተው። ሁለቱም ሰውን ከሰው ለመለየት የተፈጠሩ ሥርዓቶች ናቸው፤ አንዱ ለመዝገብ ይመቻል፣ ሌላው አባትን በስሙ ይጠራል። ከመካከላችሁ ነገ በውጭ አገር መሥሪያ ቤት የቤተሰቡን ስም የሚመርጥ ቢኖር፣ የሚጽፈው ስም ከእርሱ በኋላ ለሚመጡት ሁሉ መሆኑን አስቦ ይጻፍ።